መብራት በሚሄድበት ቤት የካሽ ኤስኤስዲ መምረጥ

የእድራችን ገንዘብ ያዥ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጥተው የወሩን መዋጮ በኮምፒውተር እያስገባን ሳለ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ። እሳቸውም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው «ልጄ፣ አሁን መብራቱ ቢሄድ ይህ የጻፍነው አብሮት ይሄዳል ወይስ ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ይቀመጣል አባባ» ብዬ መለስኩላቸው፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እርግጠኛ አለመሆኔ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ለቤቴ ሰርቨር በካሽነት፣ ማለትም ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ ለማፋጠን፣ የሚያገለግል ኤስኤስዲ የተባለ አዲስ ፈጣን ማከማቻ ገዝቼ ሰክቼ ነበር፤ ስገዛውም የተመለከትኩት በማሸጊያው ላይ በትልቁ የታተመውን የፍጥነት ቁጥርና ዋጋውን ብቻ ነበር። መብራት ሲሄድ ያ ኤስኤስዲ ምን እንደሚያደርግ ማንንም አልጠየቅኩም፣ የትም አላነበብኩም።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይታሰብ፤ ማራኪ ሰፈር ባለው ቤታችን በአንድ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ፣ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። በውስጡ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ሃርድ ዲስኮች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ስላደረግኳቸው ለሥራ የሚውለው 8 ቴራባይት ያህል ነው። የሚሠራው በዴቢያን ሊኑክስ ሲሆን ፋይሎቹን የሚያስተዳድረው ዜድኤፍኤስ ነው። ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው የእታለም ነው፤ ታላቅ እኅቴ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ስትሆን፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንታት በጎንደር ሰርግ ስለሚበዛ ሰርቨሩ በእሷ ፋይሎች ይጨናነቃል። ሁለተኛው በሰርቨሩ ውስጥ እንደ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር በምትሠራ አንዲት ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚሠራው የእድራችን መዝገብ ነው። ይህን ሁሉ በደመና ላይ ማስቀመጥ የማይቻልበት ምክንያት ለጎንደር ነዋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የአንድ ሰርግ 200 ጊጋባይት ቪዲዮ በእኛ ኢንተርኔት ተጭኖ እስኪያልቅ ሙሽሮቹ ልጅ ይወልዳሉ።

ካሽ የምንለው ነገር ከእናቶቻችን ቤት አሠራር የራቀ አይደለም። እህሉ በጎታ ነው የሚቀመጠው፤ ዛሬ የሚፈጨውና የሚጋገረው ግን ተሰፍሮ ጓዳ ይገባል፤ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ጎታ የሚከፍት የለም። ሃርድ ዲስኩ ጎታው ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ ርካሽም ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ 4.17 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ራሱ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሲጨመርበት በሰከንድ ሊያስተናግድ የሚችለው የተበታተነ ጥያቄ ወደ መቶ ገደማ ብቻ ይሆናል። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው በዚያው አንድ ሰከንድ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል።

ይሁን እንጂ ይህ ልዩነት የሚታየው ጥያቄው የተበታተነ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ቪዲዮ ከዳር እስከ ዳር ሲነበብ የዛሬ ሃርድ ዲስክ ብቻውን በሰከንድ 150 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ በቤታችን ያለው የአንድ ጊጋቢት ኔትወርክ ግን በሰከንድ ከ110 እስከ 118 ሜጋባይት ድረስ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ እታለም የሰርግ ቪዲዮ ወደ ሰርቨሩ ስትገለብጥ ጠባቡ በር ኔትወርኩ እንጂ ዲስኩ አይደለም፤ ከኔትወርኩ ኋላ የፈለገውን ያህል ፈጣን ኤስኤስዲ ብደረድር እሷ የምታየው የመገልበጫ ጊዜ በአንዲት ሰከንድ እንኳ አይቀንስም። ይህን ስሌት ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ብሠራው ኖሮ የመጀመሪያውን ኤስኤስዲ አልገዛውም ነበር። ኔትወርኩን ወደ 2.5 ጊጋቢት ከፍ ማድረግ ለእሷ ሥራ ከማንኛውም ካሽ የበለጠ ይጠቅማት ነበር።

እታለም የምታማርረው ግን በመገልበጡ አልነበረም። «ፎልደሩን ስከፍተው ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ» ነበር የምትለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎችና ክሊፖች ያሉበትን ፎልደር ስትከፍት ኮምፒውተሯ የእያንዳንዱን ፋይል ስም፣ መጠንና ቀን ይጠይቃል፤ እነዚህ ስለ ፋይሎቹ የሚናገሩ ቁርጥራጭ መረጃዎች በዲስኩ ላይ ተበታትነው ስለሚገኙ ያ በሰከንድ መቶ ጥያቄ የሚመልስ ሃርድ ዲስክ እዚህ ላይ ነው የሚያቅተው። ካሽ የሚጠቅመው ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

ለዚህም ቢሆን መጀመሪያ መታየት ያለበት ኤስኤስዲ ሳይሆን ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ብቻ መረጃ የሚይዝበት ፈጣን ማኅደር፣ ነው። ዜድኤፍኤስ በቅርብ ጊዜ የተነበቡና በተደጋጋሚ የሚነበቡ ነገሮችን አርክ በሚባለው የራም ካሽ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በሊኑክስ ላይ ለብዙ ዓመታት በነባሪነት እስከ ራሙ ግማሽ ድረስ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የቆየው። ራም ከማንኛውም ኤስኤስዲ እጅግ ይፈጥናል፤ ከዚያም በላይ በኤስኤስዲ ላይ የሚቀመጠው የንባብ ካሽ፣ ማለትም ኤልቱአርክ፣ ራሱ ራም ይበላል። በኤስኤስዲው ላይ ለተቀመጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ በራም ውስጥ መቶ ባይት የማይሞላ ምልክት ይያዝለታል። ቁራጮቹ 128 ኪሎባይት ከሆኑ ለ500 ጊጋባይት ኤስኤስዲ የሚያስፈልገው ራም 400 ሜጋባይት አይሞላም፤ ቁራጮቹ 8 ኪሎባይት ከሆኑ ግን ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። 16 ጊጋባይት ራም ብቻ ባለው ሰርቨር ላይ ትልቅ ኤልቱአርክ መስካት ማለት ፈጣኑን ካሽ አሳንሶ ቀርፋፋውን ማስፋት ነው። እኔም አርክ ካሽ ውስጥ ከተፈለገው ምን ያህሉ እንደተገኘ የሚያሳየውን የአርክ ሪፖርት ለሁለት ሳምንት በየማታው መዘገብኩ፤ ሰርግ በሌለበት ሳምንት አብዛኛው ጥያቄ ከራም ይመለሳል፣ ሰርግ ሲደራረብ ግን ቁጥሩ በግልጽ ይወርዳል። ራሙን ወደ 32 ጊጋባይት ካሳደግኩት በኋላ የእታለም ፎልደር ለመከፈት የሚወስድበት ጊዜ ከግማሽ በታች ወረደ። ያገለገለ የዴስክቶፕ ራም ከኤስኤስዲው ርካሽ ነበር።

ራሙ ሞልቶ አሁንም የሚጎድል ካለ ኤልቱአርክ ይጨመር፤ ለዚህ የሚሆን ኤስኤስዲ መምረጥ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ምክንያቱም በንባብ ካሽ ላይ ያለው ሁሉ ዋናው ቅጂ በሃርድ ዲስኮቹ ላይ ስላለ ኤስኤስዲው በድንገት ቢሞት እንኳ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ዜድኤፍኤስ ከዋናው ያነባል፣ ሥራውም ይቀጥላል። መንታ አድርጎ መስካት አያስፈልግም፤ ኃይል ሲቋረጥ የሚከላከል ልዩ ዕቃም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ኦፕን ዜድኤፍኤስ 2.0 ጀምሮ ደግሞ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ በኤልቱአርክ ላይ የነበረው ስለማይረሳ፣ መብራት በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ካሽ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አግኝቷል። ቀድሞ መብራት በሄደ ቁጥር ካሹ ከባዶ ነበር የሚጀምረው።

በንባብ ካሽ ላይ ሊታሰብበት የሚገባው ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው ካሹ የሚነበብበት ብቻ ስለሚመስለው የመጻፍ ዕድሜውን አያስብም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከካሽ እንዲነበብ መጀመሪያ ካሹ ላይ መጻፍ አለበት። ዜድኤፍኤስ ኤልቱአርክን የሚሞላበት ፍጥነት ለብዙ ዓመታት በነባሪነት በሰከንድ 8 ሜጋባይት ላይ ተገድቦ ነበር፤ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሳያቋርጥ ቢጻፍ በቀን ወደ 690 ጊጋባይት፣ በዓመት ወደ 250 ቴራባይት ይደርሳል። ሳምሰንግ ለ870 ኢቮ የ500 ጊጋባይት ሞዴል ዋስትና የሚሰጠው 300 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ነው። በቤት ውስጥ ሌሊትና ቀን በዚህ ልክ የሚሠራ ሰርቨር እምብዛም የለም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ማየት ይጠቅማል። እኔ ያደረግኩት ኤልቱአርክ የፋይሎቹን ይዘት ትቶ ስለ ፋይሎቹ የሚናገረውን መረጃ ብቻ እንዲይዝ ማዘዝ ነው። የእታለም ችግር የነበረው እዚያው ላይ ነው፤ ቪዲዮዎቹን ካሽ ላይ መጫን ኤስኤስዲውን ከማድከም በቀር ለኔትወርኩ የሚጨምርለት ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ በዚህ ካሽ ላይ የሚጻፈው መጠን ከግምት የማይገባ ሆኗል።

እነዚህን መረጃዎች ከነጭራሹ በኤስኤስዲ ላይ ብቻ እንዲቀመጡ የሚያደርግ ሌላ አሠራር በዜድኤፍኤስ አለ፤ ፍጥነቱም የተሻለ ነው። አስቤበት ትቼዋለሁ። በዚያ አሠራር ኤስኤስዲው ካሽ መሆኑ ቀርቶ የማከማቻው አካል ይሆናል፤ እሱ ከጠፋ የአራቱም ዲስኮች ይዘት አብሮ ይጠፋል። ቢያንስ በሁለት ጥሩ ኤስኤስዲዎች መንታ ካልተደረገ በስተቀር በቤት ውስጥ የሚሞከር አይመስለኝም።

መረጃው ስለሚቀመጥባቸው ጥቃቅን ሴሎች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ግዢዬ የተበላሸው በዚህ ነውና። በኤስኤስዲ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል ኤስኤልሲ በሚባለው ዓይነት አንድ ቢት፣ በኤምኤልሲ ሁለት፣ በቲኤልሲ ሦስት፣ በኪውኤልሲ አራት ቢት ይይዛል። አንድ ቢት ለመያዝ ሁለት የቮልቴጅ ደረጃ መለየት ይበቃል፤ አራት ቢት ለመያዝ ግን 16 ደረጃዎችን መለየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መጻፉ ይዘገያል፣ ሴሉም ፈጥኖ ያልቃል። አምራቾቹ ይህን ለመሸፈን ከሴሎቹ ጥቂቱን ለጊዜው እንደ ኤስኤልሲ ያሠሯቸዋል፤ በማሸጊያው ላይ የሚታተመው ፍጥነት የዚያ ክፍል ፍጥነት ነው። ያ ክፍል ሲሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይገለጣል። ሳምሰንግ ራሱ ለ870 ኪውቮ የ1 ቴራባይት ሞዴል ያወጣው መግለጫ ያ ፈጣን ክፍል ከሞላ በኋላ የመጻፍ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት እንደሚወርድ ይናገራል፤ ይህ ከአንድ ጥሩ ሃርድ ዲስክ ያነሰ ነው። አምራቹ ይህን በግልጽ መጻፉ የሚመሰገን ነው፤ ብዙዎቹ አይጽፉትም። እኔ የገዛሁት ኤንቪኤምኢ (በቀጥታ በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ኪውኤልሲ መሆኑ በማሸጊያውም ሆነ በደረሰኙ ላይ አልተጻፈም ነበር። ካሽ ደግሞ በባሕርዩ ሁልጊዜ የሚሞላና ሁልጊዜ የሚጻፍበት ነገር ስለሆነ ያቺ ፈጣን ክፍል ዕረፍት አታገኝም። ስለዚህ ለካሽ ኪውኤልሲ አይገዛ፤ ቲኤልሲም ቢሆን ከአቅሙ 10 ወይም 20 በመቶ ያህሉን ሳይከፋፍሉ ባዶ መተው ለውስጥ ሥራው እፎይታ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ገንዘብ ያዡ ጥያቄ ልመለስ።

አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲጽፍ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ። በአንደኛው ስርዓቱ መረጃውን በራም ተቀብሎ «እሺ» ይላል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው ሰብስቦ ወደ ዲስክ የሚያወርደው፤ በዜድኤፍኤስ ይህ በተለምዶ በየ5 ሰከንዱ ይከናወናል። በመካከል መብራት ቢሄድ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይጠፋሉ፤ የቀረው ማከማቻ ግን ሳይበላሽ ይቆያል። በሁለተኛው ፕሮግራሙ «በማይጠፋ ቦታ መጻፉን ካላረጋገጥክልኝ አልቀጥልም» ይላል። የገንዘብ መዝገብ የያዘ ዳታቤዝ የሚጽፈው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ዜድኤፍኤስም ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ መረጃውን ወዲያው በአንድ የመሸጋገሪያ መዝገብ ላይ ያሰፍረውና ማረጋገጫ ይሰጣል፤ በኋላ ተረጋግቶ በዋናው ቦታ ያስገባዋል። ገንዘብ ያዡ ራሳቸው ለአርባ ዓመት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ መዋጮ በተቀበሉ ቁጥር በኪሳቸው በያዙት ትንሽ ደብተር ያሰፍራሉ፣ ማታ ቤታቸው ገብተው በትልቁ መዝገብ ይገለብጣሉ። ትንሹን ደብተር ዳግመኛ የሚገልጡት አንድ ነገር ተፈጥሮ ትልቁ ላይ ሳይገለበጥ ከቀረ ብቻ ነው።

ስሎግ የሚባለው ያን ትንሽ ደብተር ከሃርድ ዲስኮቹ ላይ አንሥቶ በተለየ ፈጣን ዕቃ ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ በብዙ ሰው ዘንድ ያየሁት፣ እኔም ይዤው የቆየሁት ስሕተት አለ፤ ስሎግ መረጃን ከመብራት መቋረጥ የሚጠብቅ ይመስለናል። አይደለም። ስሎግ ባይኖርም ትንሹ ደብተር በሃርድ ዲስኮቹ ላይ አለ፤ ማረጋገጫውም እውነተኛ ነው፤ የሚዘገይ ብቻ ነው። ስሎግ የሚጨምረው ፍጥነትን እንጂ ደኅንነትን አይደለም፤ መጥፎ ስሎግ ግን የነበረውን ደኅንነት ይቀንሳል። ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ፤ በዚያች እሑድ የእድሩ ትንሽ ደብተር የተቀመጠው በዚያ ርካሽ ኤንቪኤምኢ ላይ ነበርና።

መጥፎ የሚያሰኘው ይህ ነው። ተራ ኤስኤስዲ የሚጻፍበትን መረጃ መጀመሪያ በውስጡ ባለ፣ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ በሚሆን ትንሽ ራም ይቀበላል፤ የትኛው መረጃ በየትኛው ሴል እንዳለ የሚመዘግበውን ሰንጠረዥም በዚያው ራም ይይዛል። «በእርግጥ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ሲመጣለት በአግባቡ የተሠራው ሁሉንም ወደ ሴል እስኪያወርድ ይዘገያል፤ ለዚህም ነው በማሸጊያው ላይ በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜጋባይት የተጻፈለት ዕቃ በዚህ ሥራ ላይ ሲሰማራ የሚንፏቀቀው። በአግባቡ ያልተሠራው ደግሞ ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ይላል። ለመረጃ ማዕከል የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች ከዚህ የሚለዩት በሰሌዳቸው ላይ በተደረደሩ ካፓሲተሮች ነው። ኃይል ሲቋረጥ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ በራሙ ላይ ያለውን ወደ ሴል ለማውረድ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል፤ ስለዚህ መረጃው ራሙ ላይ እንደደረሰ በእውነት «ጽፌያለሁ» ማለት ይችላሉ። ከተራው ይልቅ የሚታመኑትም፣ በዚህ ሥራ የሚፈጥኑትም ከዚሁ ከአንድ ምክንያት የተነሣ ነው።

ያነበብኩትን በዓይኔ ለማየት ፈለግኩ። በላፕቶፔ ላይ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ከአንድ ጀምሮ ቁጥሮችን ወደ ሰርቨሩ እየላከ እያንዳንዱ ቁጥር በማይጠፋ ቦታ መጻፉ ሲረጋገጥለት ላፕቶፑ ራሱ ይመዘግባል። ከእድሩ መዝገብ ቅጂ ወስጄ፣ ለሙከራ ብቻ የሚሆን ትንሽ ማከማቻ አዘጋጅቼ፣ ቁጥሮቹ እየተላኩ ሳለ የሰርቨሩን ሶኬት ነቀልኩ። ሰርቨሩ ሲነሣ በላፕቶፑ ላይ የተረጋገጠው የመጨረሻ ቁጥር በሰርቨሩም መገኘት አለበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሙከራ ተገኘ። በሦስተኛው ግን ላፕቶፑ «ተረጋግጧል» ያላቸው በርካታ ቁጥሮች በሰርቨሩ ላይ አልነበሩም። ያን ቀን ማታ ኤንቪኤምኢውን ከስሎግነት አነሣሁት፤ ገንዘብ ያዡ ዘንድም ሄጄ ያን እሑድ የሰጠኋቸው መልስ ትክክል እንዳልነበረ ነገርኳቸው፤ የዚያን ወር መዋጮ ከትንሹ ደብተራቸው ጋር አስተያየነው። የጎደለ ነገር አላገኘንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስሎጉን ካነሣሁ በኋላ አንድ ሰው መዋጮ ሲያስገባ የሚሰማ መዘግየት አልነበረም። ብዙ ቤቶች እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይበቃቸዋል ብዬ አምናለሁ፤ ስሎግ ለማያስፈልገው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ አለመግዛት ነው። የእታለም ሥራም ቢሆን ፋይሎችን በኔትወርክ በሚያጋራው ሳምባ በተባለው ፕሮግራም በኩል ሲመጣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በመጀመሪያው ዓይነት አጻጻፍ የሚጻፍ ስለሆነ ስሎግ አይነካውም። እኔን ወደ ሁለተኛው ግዢ የመራኝ ቨርቹዋል ማሽኑ ነው፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ጽሑፎች በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ በሃርድ ዲስኮቹ ላይ ሥራው ይጎተታል። ማረጋገጫን ከነጭራሹ በማጥፋት ይህን የሚያፋጥን ማስተካከያ በዜድኤፍኤስ አለ፤ ቢጠፋ ለማያስቆጭ ሥራ ይሁን፤ ለሰው ገንዘብ ግን አላደርገውም። ዜድኤፍኤስ ለማይጠቀም አንባቢም ነገሩ ያው ነው፤ ቢካሽም ሆነ ኤልቪኤም ካሽ በተባሉት የሊኑክስ የካሽ ፕሮግራሞች የተጻፈው ወዲያውኑ በሃርድ ዲስኩም እንዲጻፍ የሚያደርገው አሠራር አያስጨንቅም፤ ኤስኤስዲው ተቀብሎ በኋላ እንዲያወርድ የሚያደርገው አሠራር ግን ያለ ካፓሲተርና ያለ መንታ ሊሞከር አይገባም።

ለስሎግ የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ኔትወርኩ በሰከንድ ቢበዛ 125 ሜጋባይት ካሳለፈ በ5 ሰከንድ የሚጠራቀመው 625 ሜጋባይት ነው፤ ሦስት እጥፍ ቢታሰብለት እንኳ 2 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ትልቅ አዲስ ኤስኤስዲ ከመግዛት ይልቅ ትንሽ፣ ያገለገለ፣ ለመረጃ ማዕከል የተሠራ መፈለግ ይሻላል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ዲሲ ኤስ3700 ምሳሌ ይሆናል፤ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ሙሉ አቅሙን አሥር ጊዜ እንዲጻፍበት ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ የ200 ጊጋባይቱ ሞዴል 3,650 ቴራባይት ይችላል፤ ይህ ከላይ ካነሣሁት ከ870 ኢቮ አሥራ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሳምሰንግ ፒኤም883 እና የኪንግስተን ዲሲ1000ቢም ካፓሲተር ያላቸው ናቸው፤ የኋለኛው በኤንቪኤምኢ ቀዳዳ የሚገባ ነው። በመግለጫው ላይ «ከኃይል መቋረጥ ጥበቃ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ መግዛት ግን አይበቃም፤ አንዳንድ ተራ ኤስኤስዲዎች ይህን ሲሉ ቀድሞ የተቀመጠው መረጃ አይበላሽም ማለታቸው ነው፤ በመንገድ ላይ ያለውን አይጨምርም። የሰሌዳውን ፎቶ ፈልጎ ካፓሲተሮቹን ማየት ይሻላል።

ፒያሳና አራዳ ባሉት ኮምፒውተር ቤቶች እንዲህ ያለውን ዕቃ ስላላገኘሁ አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ፈልጎ 240 ጊጋባይት የሚይዝ ሳታ በተባለው በተለመደው የዲስክ ገመድ የሚሰካ ያገለገለ ኤስኤስዲ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላከልኝ። ያገለገለ ሲገዛ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኤስኤስዲው ስለ ራሱ የሚመዘግበውን ስማርትሲቲኤል በተባለው ፕሮግራም ማንበብ ግድ ነው። ምን ያህል እንደተጻፈበትና ከዕድሜው ምን ያህሉ እንዳለቀ እዚያ ይገኛል፤ በኤንቪኤምኢ ላይ የተጻፈው መጠን የሚቆጠረው በዩኒት ሲሆን አንድ ሚሊዮን ዩኒት 512 ጊጋባይት ነው። አዲስ ነው የተባለ ዕቃም ቢሆን ኤፍስሪ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበት መልሶ መነበብ አለበት፤ 1 ቴራባይት ነኝ እያለ ከዚያ የሚያንሰውን ብቻ የሚይዝ ሐሰተኛ ዕቃ በገበያው አለና። ብዙ ያገለገለ ኤስኤስዲ መረጃ ተጭኖበት መሳቢያ ውስጥ መቀመጥም የለበትም፤ የኤሌክትሮኒክስ ደረጃ አውጪው ድርጅት ጄዴክ ባወጣው ደረጃ መሠረት የመረጃ ማዕከል ኤስኤስዲ የመጻፍ ዕድሜውን ሲጨርስ ያለ ኃይል በ40 ዲግሪ መረጃ እንዲይዝ የሚጠበቅበት ለሦስት ወር ብቻ ነው።

ሙቀቱንም ማሰብ ያሻል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ወለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ለሃርድ ዲስኮቹ ይህ ከፍታ አምራቾቹ ከሚፈቅዱት 3,000 ሜትር ገደማ በታች ስለሆነ አያሳስብም። ኤንቪኤምኢ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሲሞቅ ራሱን ያዘገያል፤ በበጋ አቧራው ማራገቢያውን ሲይዘው ደግሞ ይብሳል። የሳታው ዓይነት ስለማይሞቅና የኔትወርኩ ፍጥነት እሱንም እንኳ ስለማያደክመው ለእኔ ቤት ሳታ ከበቂ በላይ ነው። ዩፒኤስም፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ አለኝ፤ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጌዋለሁ። ባትሪው ግን ያረጃል፣ መቼ እንደሚከዳም አስቀድሞ አይናገርም፤ ካፓሲተሩ የሚያስፈልገው ዩፒኤሱ በከዳበት ቀን ነው።

በመጨረሻ የቆምኩበት አደረጃጀት ይህ ነው። ራሙ 32 ጊጋባይት ሆኗል። ለንባብ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ተራ ቲኤልሲ ኤስኤስዲ ስለ ፋይሎቹ የሚናገረውን መረጃ ብቻ እየያዘ በኤልቱአርክነት ያገለግላል። ከአዲስ አበባ የመጣው ካፓሲተር ያለው ኤስኤስዲ ደግሞ 16 ጊጋባይቱ ብቻ ተከፍሎ ስሎግ ሆኗል፤ የቀረው ባዶ ነው። ስሎጉን መንታ አላደረግኩትም፤ ብቻውን ቢሞት ዜድኤፍኤስ ትንሹን ደብተር ወደ ሃርድ ዲስኮቹ ይመልሰዋል፤ መረጃ የሚጠፋው የኤስኤስዲው መሞትና የሰርቨሩ ድንገት መጥፋት በአንድ ቅጽበት ከተገናኙ ነው፤ ለቤት ይህን አደጋ ተቀብዬዋለሁ። የሶኬት መንቀሉን ሙከራ በአዲሱ ላይ አሥር ጊዜ ደገምኩት፤ በአሥሩም የመጨረሻው ቁጥር በቦታው ተገኘ።

በአሥረኛው ሙከራ ሶኬቱን ገንዘብ ያዡ ራሳቸው ናቸው የነቀሉት። ቁጥሮቹን በላፕቶፑና በሰርቨሩ ላይ ጎን ለጎን አሳየኋቸው፤ አንድ በአንድ አነበቧቸውና «እንግዲያው አሁን ይቀመጣል» አሉ። ትንሹን ደብተር ግን እስከ ዛሬ አልተዉትም፣ እኔም እንዲተዉት አልጠየቅኳቸውም። የመጀመሪያው ኤንቪኤምኢ በእታለም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ ቪዲዮ ስታቀናብር ለሚፈጠሩት ጊዜያዊ ፋይሎች ያገለግላል፤ እነሱ ቢጠፉ እንደገና ይሠራሉ።